የጠበበ ሁሉ ወደ እኔ

በቤታችን የጠበበ ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነበር። ይህንን ሕግ ማንም አላወጀውም፤ እኔ ግን ከስሜ አስቀድሜ የተማርኩት እሱን ይመስለኛል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እህቴ ደግሞ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ ለብሳ የተወችው ካፖርት ጎንና ጎኑ ይተረተራል፣ ይቀነሳል፣ ይጠባል፤ ከዚያ አንድ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተዘርግቶ አገኘዋለሁ። ቀሚሱም እንደዚያው። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ማንገቻው አጥሮ መጣልኝ። መቼም ጫማ አይጠብም፤ እሱም ቢሆን አፍንጫው ላይ ጥጥ ተጠቅጥቆበት መጣ። "የትልቋ ሲጠብ የትንሿ ይሆናል" ይላል አባቴ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። እኔም አለቅሳለሁ፤ ማን ይሰማኛል።

እህቴን እታለም እያልኩ ነው የምጠራት። እሷ እኔን ጭራ ነው የምትለኝ፣ ከኋላዋ ስለማልጠፋ። ጎረቤት ብትላክ እኔ አለሁ፣ ፀጉሯን ስትሠራ እኔ አለሁ፣ ከጓደኛዋ ጋር ሹክ ስትል መሀላቸው አንገቴን አስገብቼ አለሁ። የእሷን ነገር ለመስረቅም እጄ አያርፍም ነበር፤ ሪባኗን፣ እርሳሷን፣ አንድ ጊዜማ ጆሮ ጌጧን ሰርቄ ውጬዋለሁ።

ሰባት ዓመቴ ላይ እታለም ሆስፒታል ገባች። ከቀኝ ትከሻዋ ሥር እብጠት ወጥቶባት ነበር። መጀመሪያ የቦርሳ ክብደት ነው ተባለ፣ ቀጥሎ አጉል አተኛኘት ነው ተባለ፣ በኋላ ግን ሐኪሙ አንድ ጊዜ ነክቶ አልጋ እንድትይዝ አዘዘ። እብጠቱን ከነዙሪያው አወጡላት፤ ሰፊ ሥጋ ስለጎደለ ከጎኗ ቆዳ ስበው ከደኑት። በሁለተኛው ሳምንት ቤት ስትመጣ በሆዷ ነው የተኛችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእህቴን ፊት ትቼ ጀርባዋን መልመድ ነበረብኝ። ድምፅዋም ቢሆን ከትራሱ ሥር ነበር የሚመጣው። "ጭራ፣ ውሃ" ስትል አልጋው ሥር የተደበቀ ሌላ ሰው የጠራኝ ይመስለኝና ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

ሳይቆይ የስፌቱ የላይኛው ጫፍ መግል ያዘና ለቀቀ። ሐኪሙ ደግሜ አልሰፋውም አለ።

"የቆሸሸ ቁስል አይሰፋም ነው የሚሉት" አሉ ሲስተር። ሲስተር ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቁስሉን ለማጠብ በየሁለት ቀኑ ይመጡልን ነበር። "ከታች ወደ ላይ በራሱ ይሞላል። ጠርዙም በራሱ እየተሰበሰበ ይጠባል።"

"ሳይሰፋ?" አለ አባቴ።

"ሳይሰፋ።"

"ያለ ክር?"

"ያለ ክር! ምነው፣ እንጀራዬን ሊዘጋ ነው ብለው ፈሩ እንዴ?" ሲስተር ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ሠላሳ ዓመት መርፌ የያዘ ሰው ያለ ክር የሚጠብ ነገር እንዴት ይመን?

ስለዚህ የሚችለውን አደረገ። ሆስፒታሉ የሰጠን ማሰሪያ እየተጠቀለለ ገመድ ስለሚሆን፣ አባቴ ከጠንካራ ተለጣጭ ጨርቅ ሌላ ሰፋላት። ትከሻዋን ወደ ውስጥ ሰብስቦ የሚይዝ ግማሽ ሰደርያ ነገር ነው፤ ማቀፊያው እንለው ነበር። እጇን ስታንቀሳቅስ የቁስሉ ዳርና ዳር እንዳይጎተት ነው ሥራው። ከብብቷ ሥር የሚወርደው አንድ ስፌት ሁሉንም ይዞ ቆሟል። ሲስተር በሁለት ጣታቸው ሳብ ሳብ አድርገው "እጅዎን ይባርከው፣ እንዲህ ከያዘልን ሌላ ምን እንፈልጋለን" አሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ቁስሉ ይለካል። ከክፍሉ ውጪ እንድሆን ይነገረኛል፤ እኔም እሺ ብዬ መጋረጃው ውስጥ እጠቀለላለሁ። ሲስተር እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ውስጡን የሚያሳይ ድርብ ላስቲክ በአልኮል ይጠርጉና ቁስሉ ላይ ያለብሱታል፤ በእስክርቢቶ ዳር ዳሩን ተከትለው ይስሉታል። የታችኛው ላስቲክ ይጣላል፣ የላይኛው ይቀራል። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬን ያቃጥለዋል፤ ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ፣ ለብ ያለ፣ የጣፈጠ የሚመስል ሽታ አለ። ቁስሉን አይቼዋለሁ። ቀይና እርጥብ ነው፤ ውስጡ እንደተከካ ምስር ፍሬ ፍሬ ይላል፤ ዳሩ ላይ ስስ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቆዳ አለ።

"እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ ሲስተር። "እዩት፣ ቀይ ነው፣ ሕይወት አለው። ቆዳውም ከዳር እየተሳበ ነው።"

አንድ ቀን ከመጋረጃው ውስጥ አመለጠኝ። "ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደሚሄድበት!" አሉኝ፣ ዞር እንድልላቸው ያህል። "ውጪ ተጫወቺ።"

በቃ። አንድ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋታል? እህቴ ጀርባ ላይ ሕይወት ያለው ነገር አለ፤ እየተሳበ ነው፤ ወደሚሄድበት እየሄደ ነው።

ሲስተር ላስቲኩን ሊጥሉት ሲሉ አባቴ ይቀበላቸዋል። ካርቶን ላይ ያሳርፈዋል፣ በእርሳስ ይዞርበታል፣ በትልቁ መቀስ ቆርጦ ያወጣዋል። ጫፉን በስቶ ቀን ይጽፍበትና የደንበኛ ልኮች የሚሰቀሉበት ግድግዳ ላይ፣ በአንድ ሚስማር ላይ ያንጠለጥለዋል።

"ደግሞ ለቁስልም ልክ ይወጣለታል?" አሉት ሲስተር።

"እኔ ሳልቆርጥ አይገባኝም፣ ሲስተር" አለ።

የመጀመሪያው ካርቶን የእኔን መዳፍ ያክል ነበር፣ ሁለት ጫፉ የሾለ። ሁለተኛው አነሰ። ሦስተኛው ደግሞ አነሰ። የውጪው በር ሲከፈት ነፋሱ ያገኛቸውና ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። ደንበኛ ገብቶ ሱሪውን ሲለካ እኔ ዓይኔ እነሱ ላይ ነው። ልብ አድርጉልኝ፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ልኩ ተሰቅሎ ሳይሰፋ የቀረ ነገር አይቼ አላውቅም። የነጋዴው ኮት ልኩ ተሰቀለ፣ ኮት ሆነ። የመምህሯ ጉርድ ልኩ ተሰቀለ፣ ጉርድ ሆነ። የእታለም ቁስል ልኩ ተሰቀለ። በየሐሙሱም ጠበበ። በእኛ ቤት አንድ ነገር ከእታለም ልክ እየቀነሰ እየቀነሰ ወደ ማን እንደሚሄድ ደግሞ ልንገራችሁ እንዴ?

እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሳቄ መጥቶ ነበር። አራተኛው ካርቶን ሲሰቀል ግን ሳቁ ጠፋ።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥበኛለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ጆሮዬን እንደ ድስት ክዳን ፈትጋ፣ ውሃ ደፍታብኝ፣ ጨርሳ ነው የምታውቀው። በዚያ ሰሞን ግን ጀርባዬ ላይ መቆየት ጀመረች። ሳሙናውን ታስቀምጥና በሦስት ጣቷ ከቀኝ ትከሻዬ ሥር ትጫናለች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከዚያ በግራ። ስትጫን ትንፋሿን ትይዛለች፤ እኔም እሷን ሰምቼ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከጨረሰች በኋላ በመጋረጃው አሻግራ ትናገራለች።

"እስካሁን የለም።"

ከፊት ክፍል የአባቴ የስፌት መኪና ይቆማል። "ለእሷ ገና ነው" ይላል።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ።"

"አፍሽን! አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን!"

መኪናው እንደገና ይነሳል። እናቴ ፎጣውን ትጥልብኛለች፤ ዓይኗ ቀልቶ ሳይ ሳሙና ነው ትለኛለች።

እንዲህ ያለው እብጠት በዘር እንደሚወርድ ሐኪሙ ነግሯቸው ኖሯል። የአባቴ እናት የሞተችው በሱ ነበር። "ትንሿን በየሳምንቱ ዳብሷት፤ ሳይቃጠል በቅጠል" ብሎ ነው የሸኛቸው። ይህንን እናቴ የነገረችኝ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል። ያን ጊዜ ግን የነበረኝ "ገና" የሚለው ቃል ብቻ ነው። ገና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ። ካፖርቱ ገና ነው፣ በሚቀጥለው ክረምት ይደርስሻል። ቦርሳው ገና ነው፣ ትንሽ እደጊ። በቤታችን ገና የተባለ ነገር ሳይደርሰኝ ቀርቶ አያውቅም።

ጥርጣሬዬን የጨረሰልኝ አባቴ ነው። ለትምህርት ቤት ልብስ ሊለካኝ መስታወቱ ፊት አቆመኝ። ሜትሩ ትከሻዬ ላይ አለፈ፣ ወገቤ ላይ ዞረ፣ እጄ ላይ ወረደ። ከዚያ ከኋላዬ ሄደ። ካርቶኖቹ ጠቅ ጠቅ ሲሉ ሰማሁ፣ በሩ ግን አልተከፈተም። ተመልሶ መጣና አንድ ቀላል፣ ጠፍጣፋ፣ ቀዝቃዛ ነገር ከቀኝ ትከሻዬ ሥር አሳረፈብኝ። በመስታወቱ አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ በመዳፉ አምስተኛውን ካርቶን ጀርባዬ ላይ ይዞታል።

"ልኬ ነው?" አልኩት።

ደነገጠ። ካርቶኑን ኪሱ ከተተው። "ዝም ብለሽ ቁሚ" አለኝ፤ እኔ ግን መጀመሪያውንም አልተንቀሳቀስኩም ነበር።

በኋላ ለእናቴ እንዲህ ብሏት ነበር፦ የትንሿ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢወጣ ምኑ ላይ ያርፋል ብዬ ነው፤ አየሁት፤ ቦታም የላት። ሲጸልይ ነበር። እኔ ግን አባቴ ልኬን አግኝቶ ሲደሰት ነው ያየሁት። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ልክ ሰው ላይ ተደርጎ ሲታይ ቀጥሎ የሚመጣው መቀስ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ እንዳይጠብ ማድረግ ነበረብኝ።

እኔ በቤቱ ውስጥ አንድ ሙያ ነበረኝ፤ መተርተር። እንጨት ላይ የታሰረች ግማሽ ምላጭ አለችኝ፤ አባቴ ነው ያስተማረኝ። ሁሉንም ክር አይቆርጡም፤ አንዱን ቆርጠው ሁለቱን ይዘላሉ፣ ደግሞ አንዱን ይቆርጣሉ። ጨርቁ አይጎዳም፤ ስፌቱም ሲጎትቱት ብቻ ነው የሚለቀው። ከሰዓት በኋላ እናቴ ሥራ ላይ ናት፤ አባቴ ፊት ክፍል መኪናው ላይ ነው፤ ዝንብ እንድከላከልና ውሃ እንዳቀብል እታለም ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የማቀፊያው የብብት ሥር ስፌት እፊቴ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሁለት ክር ቆረጥኩ። በማግስቱ ሦስት። መኪናው ሲነሳ እቆርጣለሁ፣ ሲቆም አቆማለሁ። እታለም የተኛች ይመስለኛል። አንዳንዴ ምላጩ ክሩን ሲነካ ትንፋሿ ይቆማል። እኔም እቆማለሁ። ከዚያ ትተነፍሳለች፤ እኔም እቀጥላለሁ። ጀርባዋ በፋሻው ሥር ከፍ ዝቅ ሲል ያ ሕይወት ያለው ነገር አውቆኝ እያደመጠኝ ይመስለኝ ነበር።

እህቴን አልወዳትም ነበር ወይ? ኧረ ከእናቴ አስበልጬ ነበር የምወዳት። ግን ፈራሁ። ፍርሃት ዘመድ አያውቅም።

በስድስተኛው ሐሙስ ሲስተር ላስቲኩን አንስተው ወደ መስኮቱ አቀኑት፣ ከባለፈው ካርቶን ጋር ደረቡት፣ እሰይ ሳይሉ ቀሩ። በሰባተኛው ሐሙስ ቁስሉ አድጎ ነበር። ብዙ አይደለም፣ የእስክርቢቶ ውፍረት ያህል። አባቴ ካርቶኑን ቆርጦ ሲሰቅለው ከፊተኛው ሥር ዳሩ ወጥቶ ታየ። ደስ አለኝ፤ ምን ብዬ ልዋሽ። የዚያን ቀን እራቴን አሟጥጬ በላሁ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰዷት። ሲመለሱ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቁስሉ በሁለት ሐሙስ ውስጥ መጥበብ ካልጀመረ ከጭኗ ቆዳ ልጠው ይለጥፉበታል ተባለ። እንደገና ማደንዘዣ፣ እንደገና ቢላዋ። እታለም እብጠቱ ሲወጣላት አላለቀሰችም፣ መግል ሲጨመቅላት አላለቀሰችም፤ የዚያን ቀን ግን ከትራሱ ሥር ያ ሌላው ድምፅዋ አለቀሰ። "ሌላ ቦታ ደግሞ ሌላ ቁስል? እማዬ፣ ደከመኝ እኮ። ደከመኝ።"

አባቴ ማቀፊያውን ሲያየው ላልቷል። ክሩን ረገመ፣ ክር ሻጩን ረገመ፣ በመጨረሻ እጁን አገላብጦ አየ። "እጄ ነው የከዳኝ" አለ። በድርብ ክር እንደገና ሰፋው።

እኔም ያንን ድርብ ክር ቆረጥኩት። ለራሴ ይቅር ያላልኩት ይሄኛውን ነው። የፊተኛውን ሳላውቅ ነው ማለት ይቻላል፤ ይሄኛውን ግን ልቅሶዋ ጆሮዬ ውስጥ እያለ ነው የቆረጥኩት።

ማክሰኞ ነበር። መኪናው ተነሳ፤ አንድ ቆረጥኩ። ሁለት ዘለልኩ፤ አንድ ቆረጥኩ።

"ዛሬ ስንት ነው?" አለ ከትራሱ ሥር ያለው ድምፅ።

ምላጩ ከእጄ ወደቀ። ጀርባዋ አልተንቀሳቀሰም።

"ትናንት አራት ነበር" አለች። "ከትናንት ወዲያ ሦስት። እየቆጠርኩ ነው እኮ፣ ጭራ። ሲላላ ትንፋሽ አገኛለሁ፤ ልታሳርፈኝ ብላ ነው፣ የኔ እህት አዘነችልኝ ብዬ ነበር። አሁን ግን ይበቃል፣ ጭኔን ሊልጡኝ ነው።"

አልቻልኩም። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ካርቶኖቹን፣ መስታወቱን፣ የእናቴን ሦስት ጣት፣ ገናን። ሲጠብ ወደ እኔ እንደሚመጣ፣ አሁንም ልኬ ጋ ሊደርስ ትንሽ እንደቀረው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቀችብኝ ብዬ አፈርኩ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በክርኗ ተደግፋ፣ አንገቷን ወደ እኔ አዞረች። ስንት ሳምንት ሆኖኛል ፊቷን በሙሉ ካየሁት። ከስቷል፤ የትራሱ እጥፋት ጉንጯ ላይ ታትሟል። አልሳቀችም ነበር።

"እማዬ ጀርባሽን ትነካካለች?"

"አዎ።"

"ሁልጊዜ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ይህንን እሷም አታውቅም ነበር፤ እኔ ነኝ የነገርኳት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስለ አያታችን ታውቃለች፤ ደምሮ ማወቅ አላቃታትም። ስትገልጠው ዓይኗ የተቆጣ ሰው ዓይን ነበር።

"ስሚ፣ ጭራ። ካፖርቴን ሰጥቼሻለሁ። ቦርሳዬን ሰጥቼሻለሁ። ጆሮ ጌጤን ውጠሽብኛል። ይህንን ግን አልሰጥሽም። የኔ ነው። ቢጠብም የኔ ነው፣ ቢዘጋም የኔ ነው። ሰማሽ? ማንም ቢልሽ አልሰጥሽም።"

"ማይልኝ።"

"አባዬ ይሙት!"

አመንኳት። እንዴት አላምናት? እታለም አባዬ ይሙት ብላ የዋሸችበት ቀን የለም።

"አሁን መርፌ አምጪ" አለችኝ።

የቆረጥኩትን መልሼ ሰፋሁት፣ በሰባት ዓመት እጄ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። እሷ ከትራሱ ሥር "ጠበቅ፣ ጠበቅ አድርጊው" እያለች።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ማቀፊያውን አወለቀላትና አየው። ወደ መስኮቱ ወሰደው። ጠማማ ስፌቴን በጥፍሩ ነካው፤ የተቆረጡትን የክር ጫፎች አንድ በአንድ አየ። ሲስተር ላስቲካቸውን እንደያዙ ቆሙ።

"ማነው?" አለ፣ ወደ ማንም ሳይዞር።

እኔ መጋረጃው ውስጥ ነበርኩ። መጋረጃውን ይበልጥ ወደ ራሴ ጠቀለልኩት።

"እኔ ነኝ" አለች እታለም። "አፈነኝ፣ ተረተርኩት። ከዚያ ፈራሁና ሰፋሁት።"

አባቴ አልጮኸም። ማቀፊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ስምንት ቀን ሙሉ እሷ ያለችበት ክፍል አልገባም። ምግቧን እናቴ ታቀብላታለች፤ እሱ አዲስ ማቀፊያ ሰፍቶ በሲስተር እጅ ላከላት። እኔም ስምንቱን ቀን በፊቱ እየተመላለስኩ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ።

አሁን የማስበውን ልንገራችሁ። በሆዷ የተኛች ልጅ የገዛ ብብቷ ሥር ያለውን ስፌት መተርተር አትችልም። አንዱን ቆርጦ ሁለቱን መዝለል ደግሞ አባቴ ያስተማረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የክር ጫፍ አይቶ የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ መስኮት ሥር ሆኖ የእኔን እጅ አላወቀም? አውቋል። ብዙ ዘመን በልቤ ወቀስኩት፤ አውቆ ነው እሷን የቀጣት ብዬ። እኔ ራሴ ልጅ ወልጄ ነው የገባኝ። "ለምን ቆረጥሽው?" ብሎ ቢጠይቀኝ "ወደ እኔ እንዳይመጣ" እለዋለሁ። ከዚያ እሱ "አይመጣም" ማለት አለበት። አባቴ ደግሞ ለልጅ መዋሸት የማይችል ሰው ነበር። እሷን አልነበረም የሸሸው፤ ስምንት ቀን የሸሸው ጥያቄዬን ነው።

ቁስሉ መጥበብ ጀመረ። ጭኗን ሳይልጧት ቀሩ። በአሥራ ሦስተኛው ሐሙስ ሲስተር ላስቲኩን ጀርባዋ ላይ አልብሰው፣ እስክርቢቶውን አንስተው ቆሙ። "ምኑን ልሳለው?" አሉ። የሚከተሉት ዳር የለም። አባቴ በለመደው እጁ መቀሱን ይዞ መጥቶ ነበር፤ የሚቆርጠው አጥቶ ሲስቅ ዕንባው ወረደ። ከዚያም ወራት ሙሉ በፕላስተር ዳርና ዳሩን ወጥራ፣ በቅባት እያሸች ቆየች፤ ጠባሳው እየቀጠነ፣ እየነጣ፣ ሐኪሙ ራሱ የሚኮራበት ክር ሆነ። የላይኛው ጫፍ ብቻ የትንሽ ጣቴን ያህል ወፍሮ፣ ተለጥጦ ያብለጨልጫል። እኔ ያላላሁት ቦታ ነው። ጀርባው የተከፈተ ቀሚስ ስትለብስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ እሷ ግን ጀርባው የተከፈተ ቀሚስ ትወዳለች።

አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አልነገርኩትም።

አምና በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ ገላዬን ስታጠብ ጣቴ ከግራ ትከሻዬ ሥር አንድ ነገር ላይ ቆመ። ሽንብራ ያክላል። ውሃው እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝ፣ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው አልነበረም። ሐኪሟ "በጊዜ ነው ያገኘሽው፣ ቶሎ ይውጣ" አለች፤ ወጣ። በጥሩ ሁኔታ ተዘጋ፣ ስፌቱም አልለቀቀም። ለእታለም እንዳትነግሯት ብዬ ነበር። ባለቤቴ አላስቻለውም፣ ደወለላት።

በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሽበቷን አትቀባም። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በቁጣ አየችኝ፣ ያንን ዓይኗን ይዛ።

"አልሰጥሽም ብዬሽ ነበር እኮ" አለችኝ።

"እታለም..."

"አባዬ ይሙት ብዬ ምዬልሽ ነበር። ይቅር በይኝ።" እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። እሷ ናት ይቅርታ የምትጠይቀው፤ እኔን!

"አንቺ መቼ ሰጠሽኝ?" አልኳት። "እንደለመድኩት ሰርቄሽ ነው።"

ጭኔን በጥፊ አለችኝ። እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔም ሠላሳ ዓመት አፌ ውስጥ የያዝኩትን አወጣሁት፤ ያን ቀን ከመጋረጃው ወጥቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፣ አባዬ ያኮረፈሽ በእኔ ነው፣ ጠባሳሽ ላይ ያለው ያ ጫፍ የእኔ ነው አልኳት።

"አውቃለሁ እኮ" አለች፣ በመዳፏ ፊቷን እየጠረገች። "አሁን ዝም በይና ዙሪ። እስቲ ልየው።"

በሆዴ ተኛሁላትና ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀበርኩት።